ዕቃ ቤትና ሃርድ ዲስክ
በታሪክ ክበብ አባሎች የተጻፈ

ለዚህ ለመታሰቢያ መጽሐፍ የሚሆኑትን አሮጌ ፎቶግራፎች፥ የተማሪዎች መዝገብና የቀድሞ መምህራንን ቃል እንድንሰበስብ ክበባችን ከተመደበበት ቀን ጀምሮ፥ የሰበሰብነውን ሁሉ ያከማቸነው ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበረው። ያም ዲስክ ሲ እና ዲ በሚባሉ በሁለት ክፍሎች የተከፈለ ስለ ነበረ፥ እኛ ብርቱ ጥንቃቄ ያደረግን መስሎን እያንዳንዱን ነገር አንድ ጊዜ በሲ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ በዲ አስቀመጥነው። «አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋል» የሚል ቃል በቃለ ጉባኤያችን ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ይገኛል።

በጥር ወር አንድ ማታ ዲስኩ ጠቅ፥ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማ ጀመር። በማግሥቱ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ተሸክመን ወደ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድነው፤ እርሱም ዲስኩን አውጥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋና ጥቂት አዳምጦ፥ «ሌላ ቅጂ አላችሁ ወይ?» ሲል ጠየቀን። እኛም በኩራት «አዎን ጋሼ፥ በዲ ላይ አለ» አልነው። «ልጆች፥ ዲ ማለት እኮ ያው እርሱ ነው» አለን።

ፎቶግራፎቹን ባለቤቶቻቸው ደግመው አዋሱን፤ መዝገቡንም እንደ ገና ገልብጠነዋል። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ከትምህርት ቤታችን የመጀመሪያ መምህራን አንዱ የነበሩ አረጋዊ፥ በቤታቸው ተቀብለውን ሁለት ሰዓት ያህል ስለ ቀድሞው ዘመን አጫውተውን ነበር። ድምፃቸውን በስልክ ቀድተን ወደ ኮምፒውተሩ ካዛወርን በኋላ፥ የስልኩ ማኅደር ስለ ሞላ ከዚያ ላይ ደምስሰነው ነበር። ዲስኩ በተበላሸ ጊዜ እርሳቸው ዐርፈዋል።

እንግዲህ ይህን ጥፋታችንን ለመሸፈን ሳይሆን ለመረዳት ስንል፥ የሃርድ ዲስክን አከፋፈል ታሪክ መረመርን። ስንመረምርም ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ ሆኖ አላገኘነውም። የውጭውን ዘመን እ.ኤ.አ.፥ የአገራችንን ደግሞ ዓ.ም. እያልን እናስረዳለን።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፥ ሠሪው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ራማክ ከተባለው መኪና ጋራ የሚሠራው ይህ ዕቃ ወርዳቸው 61 ሳንቲሜትር የሚሆን 50 ክብ ሠሌዳዎች እንደ እንጀራ እላይ በላይ ተደርድረውበት፥ ክብደቱ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ ከኪስ የሚገባው የ1 ቴራባይት ዲስክ እንደ ራማክ ያሉትን ከ200000 በላይ ያክላል። መኪናው ሰፊ ክፍል ይፈልግ ነበር። በ1980 ሲጌት በመባል የሚታወቀው ኩባንያ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ትንሽ ዲስክ ሠራ፤ በ1983 ደግሞ አይ ቢ ኤም 10 ሜጋባይት ዲስክ ያለው የግል ኮምፒውተር ለሽያጭ አወጣ።

10 ሜጋባይት ምን ያህል እንደ ሆነ በእኛ ፊደል እንለካው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፥ አንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ዲስክ በዛሬው አጻጻፍ 3 ሚሊዮን ከሚያህል ፊደላችን በላይ ባልያዘም ነበር። ይህን ለጨዋታ ያህል አነሣነው።

ዲስክን መከፋፈል በግል ኮምፒውተር ላይ የተጀመረው በዚያው በ1983 ነው። ከኮምፒውተሩ ጋራ የወጣው ሁለተኛው ዶስ ኤፍዲስክ የሚባል መሣሪያ ይዞ መጣ። የአሠራሩም ሥርዓት እንዲህ ነው። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ 512 ባይት የምትሆን አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ በእርስዋም ውስጥ 64 ባይት ለክፍሎች መዝገብ ተለይታለች። እያንዳንዱ ክፍል ከየት እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚረዝም ለመመዝገብ 16 ባይት ስለሚያስፈልግ፥ መዝገቢቱ የምትይዘው አራት ክፍሎችን ብቻ ነው። ይህች የአራት ወሰን ለብዙ ዓመት ብዙ ኮምፒውተሮችን ስትገዛ ኖረች።

ሰዎች ዲስክን የከፋፈሉበት ምክንያት ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። በመጀመሪያ ከአንድ ዲስክ ላይ ሁለት ዓይነት የኮምፒውተር ሥርዓት ለማኖር ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ዶስ ከ32 ሜጋባይት የሚበልጥ ክፍል ማንበብ ስለማይችል የግድ ሆነ፤ በ1987 የወጣው ዶስ 3.3 የተባለው ባለ 100 ሜጋባይት ዲስክ የገዛውን ሰው ሲ፥ ዲ፥ ኢ፥ ኤፍ እያለ ለአራት እንዲከፍለው ያስገድደው ነበር። ይህ ወሰን ከተነሣ በኋላም ሌላ ምክንያት መጣ። ክፍሉ ወደ 2 ጊጋባይት ባደገ ጊዜ ዶስ ቦታውን የሚያድለው በ32 ኪሎባይት ጉርሻ ነበር፤ አንዲት መስመር ብቻ ያለባት ደብዳቤም ብትሆን ሙሉ ጉርሻ ትወስዳለች። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ ዓመታት ቁጠባ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዲስኩን ይሸነሽን ነበር። ፋት 32 የሚባለው አዲስ ሥርዓት በ1996 ሲወጣ ይህም ምክንያት ቀረ።

ዛሬ የቀረው ምክንያት አንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይኸውም ዊንዶውስ በተበላሸና እንደ ገና በተጫነ ጊዜ ሲ ተጠርጎ ሥራችን ግን በዲ ላይ እንዲተርፍ ነው። ይህ መልካም ምክንያት ነው። ለእኛ ጥፋት መነሻ የሆነውም ይኸው ነው፤ ዲ ከአንድ ዓይነት ጥፋት የሚያድን ስለ ሆነ ከሁሉም የሚያድን መስሎን ነበርና።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ።

ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች። ወደ ቅኔ ማኅሌት የሚገባው ሁሉ ወደ መቅደስ አይገባም። ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ የሚጠበቁበትም ዕቃ ቤት ራሱን የቻለ ቁልፍና ኃላፊ አለው። ይህ አከፋፈል ሰውን ከሰው፥ ዕቃን ከዕቃ ይለያል፤ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ የሚሆነው ግርግር መቅደሱን አይነካውም። በመጻሕፍቱም ውስጥ እንዲህ ያለ ብልሃት እናገኛለን። የርስትና የጉልት ስጦታ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር፤ ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚከበረውና የሚጠበቀው ወንጌሉ ስለ ሆነ፥ የመሬቱም ውል በእርሱ ጥላ ሥር ይጠበቃል። አባቶቻችን በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለት መዝገብ አኖሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ጣራው ሲቃጠል ሦስቱም ክፍሎች ይቃጠላሉ። ጥራዙ ሲሰረቅ ወንጌሉም ውሉም አብረው ይሄዳሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን በወረሩ ጊዜ የከተማይቱን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለው እሳት ቅኔ ማኅሌት ይህ ነው፥ ዕቃ ቤት ያ ነው ብሎ አልለየም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መትረፍዋ ዛሬ ድረስ በንቦቹ ታሪክ ይነገራል። እኛ በዲስካችን ላይ ያደረግነው ነገር፥ አንዱን መጽሐፍ በመቅደስ፥ ቅጂውን ደግሞ በዚያው ደብር ዕቃ ቤት እንደ ማስቀመጥ ያለ ነበር።

ከዚያ በፊት የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍት ቤት ለማቋቋም አስበው ነበር። ከልዩ ልዩ ቦታ፥ በተለይም ከጎንደር አድባራት የተሰበሰበው ብራና ወደ 1000 መጽሐፍ ይጠጋ እንደ ነበር ይነገራል። አሳቡ ትልቅ ነበር፤ መጻሕፍቱ የተገኙበት መንገድ ግን ለጎንደር ሰው መራራ ነው፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱ ስትዘረፍና ስትቃጠል ያየ ሰው ስለ መጻሕፍት ቤቱ መልካምነት ሊናገር አይችልም። ከአርባ አራቱ ታቦት ከተማ በየደብሩ ተበትኖ ይኖር የነበረው በአንድ ተራራ ላይ ተከማቸ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ፥ አምባው አንድ ስለ ነበረ ሁሉም በአንድ ቀን ተያዘ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከመጻሕፍቱም ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ወደሚገኘው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ከዚህ ጋራ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙም መለሰ። የመለሰበት ምክንያት ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ነበረና አንዱን አስቀርተው አንዱን ላኩ። አንድ ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር ወይ ብለን በክበባችን ብዙ ተከራክረናል፤ የሚበዙት «አይመለስም ነበር» ብለዋል።

መጽሐፈ ሄኖክንም እንመልከት። አውሮፓውያን ሙሉውን መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት አጥተውት ሲኖሩ በግእዝ ግን አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ የያዘው አንድ ቅጂ ሳይሆን ሦስት ነው። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱ በኦክስፎርድ ወደሚገኘው ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። በ1821 የታተመው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም የተሠራው ከኦክስፎርዱ ቅጂ ነው። ብሩስን የምንወቅስበት ሌላ ነገር አይታጣም፤ በዚህ ነገር ግን ከእኛ ይልቅ ብልህ ነበር።

በቤተ መንግሥቱም ግቢ ውስጥ፥ ከእኛ ብዙዎቹ በየሳምንቱ በአጥሩ አጠገብ እናልፋለን፥ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 በነገሡት በጻድቁ ዮሐንስ ስም የሚጠሩ ሁለት ሕንፃዎች አሉ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት፥ ሌላው ጽሕፈት ቤት ይባላል። ሁለት ክፍል አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ግንብና የራሱ ጣራ አለው። ይህን ባየን ጊዜ የጠጋኙ ቃል ትዝ አለንና ሳቅን።

በሩቅ የሚቀመጥ ቅጂ ዋጋው ምን እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን በዘመናችን አጠገብ የተሠራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካ የትምህርት ተቋሞች ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። አብዮቱ በመካከል ቢነሣም ሥራው አልቆመም፤ በጠቅላላው ወደ 9000 የሚሆኑ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ በአንድ ቦታ አልተቀመጠም፤ አንዱ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ ተቀመጠ። እዚያም ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት መጻሕፍቱን እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ሠርተዋል። ብራናው ራሱ በደብሩ፥ ፊልሙ በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛው ፊልም በባሕር ማዶ፤ ሦስት ጣራ ማለት ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመለስ፥ ዲስኮችን ማብዛት በራሱ ሌላ ችግር እንዳለው መናገር አለብን። በቀድሞው ዘመን ሁለት ዲስኮች በአንድ ጥብጣብ ሽቦ ይያያዙ ነበር፤ የትኛው አንደኛ፥ የትኛው ሁለተኛ እንደ ሆነ ጃምፐር በምትባል ጥቃቅን መሰኪያ ይለያል። አንደኛውን «ጌታ» ሁለተኛውን «ባሪያ» ይሉት ነበር፤ ስሙ ደስ አላሰኘንም። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው ያሳሳተው የፊደሉ ነገር ነው። ዶስ ፊደል የሚያድለው በመጀመሪያ ለየዲስኩ ዋና ክፍል፥ ቀጥሎ ለቀሩት ነበር። ስለዚህ ሲ እና ዲ ያለው ሰው ሁለተኛ ዲስክ በጨመረ ጊዜ ዲ የሚለው ፊደል ለአዲሱ ዲስክ ተሰጥቶ የቀድሞው ዲ ወደ ኢ ይሸሻል። በማግሥቱ ዲ ባዶ ነው ብሎ የሚደነግጥ፥ ወይም አዲሱን ዲስክ የሚጠርግ መስሎት አሮጌውን የሚጠርግ ሰው አይታጣም ነበር።

የአራቱ ክፍሎች ወሰንም በኋላ ተነሣ። አሮጌው መዝገብ ከ2 ቴራባይት ብዙም የማይበልጥ ዲስክ ብቻ ለመቁጠር ስለሚችል፥ ጂ ፒ ቲ የሚባል አዲስ መዝገብ ተተካበት፤ በዊንዶውስ እስከ 128 ክፍል ይይዛል። የዚህ መዝገብ ሠሪዎች ከአሮጌው ስሕተት ተምረዋል፤ መዝገቡ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ተጽፎ ቅጂው በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ዲስክ ላይ ናቸውና ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ ሬድ የተባለውን አሳብ አሳተሙ። በአንዱ መንገዱ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር አብረው ይጽፋሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። በስሕተት የደመሰስነውን ግን ከሁለቱም ላይ እኩል ይደመስሰዋል፤ ሌባም ሣጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳል።

የሰሜን ልጆች የሆኑ ጓደኞቻችን እንድንጽፍ የጠየቁንን አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው ጫፍ ሠሌዳውን አትነካም፤ ሠሌዳው በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ሲዞር በሚፈጠረው በቀጭን የአየር ምንጣፍ ላይ ትንሳፈፋለች። ክፍተቱ የሰው ጠጉር ከሚወፍረው በሺህ እጅ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ምንጣፉም ይሳሳል። በዚህ ምክንያት ሠሪዎቹ ለብዙዎቹ ዲስኮች 3048 ሜትር የሥራ ወሰን አድርገውላቸዋል። ጎንደር ከ2100 ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ ምንም አያስፈራም። ደባርቅም 2850 ሜትር አካባቢ ነውና ይፈቀዳል። ሳንቃበር ግን ከ3200 ሜትር፥ ግጭና ጨነቅ ከ3500 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ ወጥቶ ዲስክ የሚያስነሣ ሰው የራሱን ዕድል ይፈትናል፤ ሳያስነሣ በቦርሳው ይዞት ቢያልፍ ግን አይጎዳውም። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ማኅደር የአየር ምንጣፍ ስለማይፈልግ ለተራራው የሚሻለው እርሱ ነው።

አሁን የክበባችን ኮምፒውተር እንዲህ ተደርጎ ተዘጋጅቶአል። ዊንዶውስ በትንሽ ኤስ ኤስ ዲ ላይ ብቻውን ተቀምጦአል። ሲጫን የቀሩትን ዲስኮች ሽቦ ነቅለን ነበር፤ የተነቀለ ዲስክ በስሕተት አይጠረግምና። ከዚያ 1 ቴራባይት የሚይዘውን ዲስክ ለሁለት ከፍለን አንዱን ክፍል «ሥራ»፥ ሁለተኛውን «መዝገብ» አልነው። ሁለተኛውን ዲስክ አልከፈልነውም፤ ስሙ «ቅጂ» ነው፥ በየሳምንቱ ዓርብ ከ«መዝገብ» ይገለበጥበታል። ለክፍሎቹ ስም የሰጠናቸው ፊደል ስለሚቀያየር ነው፤ ሆኖም ከእኛ አንዱ በስሙ ብቻ ታምኖ «ቅጂ»ን ሊጠርግ ጣቱን ባነሣ ጊዜ ሌላው እጁን ስለ ያዘው፥ ከዚያ ቀን ወዲህ የዲስኩን ስፋትና ቁጥር ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው ሳያነቡ ፎርማት የሚለው አይነካም።

ሦስተኛው ዲስክ ከዚህ ቤት ውጭ ነው። አዘዞ ከአንዲት ጓደኛችን አክስት ዘንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦአል። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ተራ የደረሰው ሰው በታክሲ ሄዶ ያመጣዋል፥ ተገልብጦበት በዚያው ቀን ይመለሳል። አክስቲቱም «ምን ያለበት ታቦት ቢሆን ነው እንዲህ የምትሸከሙት?» እያሉ ይቀልዱብናል፤ ቡና ሳያጠጡ ግን አይሰዱንም።

በሦስቱም ዲስኮች ላይ በእኒያ አረጋዊ መምህር ስም የተከፈተ አንድ ፎልደር አለ። በውስጡ ያለው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ከበራቸው ላይ ቆመው ሲሸኙን ያነሣናቸው።